አርማውን አትመኑ፦ የድሮ እንግሊዝ ሠራሽ ከባድ መኪናዎችን መለየትና ማስታወስ

በእንግሊዝ አገር ብርዱ ካለፈ በኋላ የድሮ መኪና ትርኢት የማይታይበት ቅዳሜና እሁድ የለም ማለት ይቻላል። የቤት መኪናዎቹ ብዙ አያስቸግሩም። ሚኒን የማያውቅ ማን አለ? ችግሩ ከከባዶቹ ዘንድ ሲደረስ ነው። ተወልውለው በሰልፍ ሲቆሙ ሁሉም ወንድማማች ይመስላሉ። ስማቸውን ጠይቃችሁ ብትሰሙ እንኳ ማታ ቤት ስትገቡ ጠፍቷል።

ይህ መመሪያ ከ1930ዎቹ እስከ 1970ዎቹ የተሠሩትን ይመለከታል። ዓመቶቹም ወሮቹም ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ሜዳ ላይ ብትቆሙም፣ የድሮ ፎቶ ብትይዙም አካሄዱ ያው ነው። ከሩቅ ጀምሩ፣ ቀረብ በሉ፣ ከዚያ አጎንብሱ። አርማውን በመጨረሻ እዩት።

ለምን በመጨረሻ? አርማ ስለሚዋሽ ነዋ። ከባድ መኪና ሠሪው ሌይላንድ ሌሎቹን ሠሪዎች፣ አልቢዮንን በ1951፣ ስካሜልን በ1955፣ ኤኢሲን በ1962 ጠቀለለ። በ1968 ደግሞ ከነጃጓርና ከነኦስቲን ጋር ተቀላቅሎ ብሪቲሽ ሌይላንድ ተባለ። በዚህ ሁሉ መሃል የአንዱ ጋቢና በሌላው ሻንሲ ላይ ሲቀመጥ፣ የአንዱ ስም በሌላው ግንባር ላይ ሲለጠፍ ኖሯል።

1. ራቅ ብላችሁ ቅርጹን እዩ

መጀመሪያ ሁለት ጥያቄ ጠይቁ። አፍንጫ አለው? እግሩስ ስንት ነው?

አፍንጫ ያልኩት ሞተሩ ከጋቢናው ፊት ወጥቶ በኮፈን የተሸፈነውን ነው። የእንግሊዝ ሕግ የመኪናውን ጠቅላላ ርዝመት ይገድብ ስለነበር ከባዶቹ አፍንጫቸውን ቀድመው ጥለዋል። ጋቢናው ሞተሩ ላይ ሲወጣ ለጭነት የሚተርፈው ቦታ ይበዛል። ስለዚህ አፍንጫ ያለው የድሮ እንግሊዝ ሠራሽ ስታዩ ሦስት ነገር ጠርጥሩ፦ ቀለል ያለ ቤድፎርድ ወይም ኦስቲን፣ የጦር ሠራዊት መኪና፣ ወይም እንደ ስካሜል ሃይዌይማን ያለ ጎታች።

እግር ስትቆጥሩ ከኋላ ጥንድ የሆኑትን ጎማዎች እንደ አንድ ቁጠሩ። ስምንት ከሆነ፣ ማለትም አራት ከፊት አራት ከኋላ፣ ከእንግሊዝ መንገድ ዋነኛ ምልክቶች አንዱ ፊታችሁ ቆሟል። የፊተኞቹ አራቱም ጎማዎች ከመሪው ጋር ይዞራሉ። የጭነት ልኩ በአክስሎቹ ብዛት ስለሚወሰን ፋብሪካዎቹ ከ1930ዎቹ ጀምሮ አራተኛ አክስል ጨመሩ። በ1964 የወጣው ደንብ ለባለ ተሳቢ ጎታቾች እስከ 32 ቶን ሲፈቅድ የስምንት እግሮቹ ዘመን ማሽቆልቆል ጀመረ። በ1950ዎቹ የተነሳ የመንገድ ፎቶ ላይ ግን ሞልተዋል።

ሦስት እግር ካያችሁ ደግሞ ጨዋታው አለቀ። ስካሜል ነው ማለት ይቻላል። ካሪየርም ተመሳሳይ ነገር ሞክሮ ነበር፤ የሚያጋጥማችሁ ግን አብዛኛውን ጊዜ በ1948 የወጣው ስካሜል ስካራብ ነው። የተሠራው የባቡር ጣቢያ ጋሪ ፈረሶችን ለመተካት ነው። ጠባብ ግቢ ውስጥ ባለበት ቦታ ሊዞር ምንም አይቀረው።

አንድ ወጥመድ አለ። መሪው በቀኝ ስለሆነ ብቻ እንግሊዝ ነው አትበሉ። አገር ቤት ያደገ ሰው ይህን ማወቅ አለበት። የጣሊያኖቹ ከባድ መኪናዎችም ለረጅም ዘመን መሪያቸው በቀኝ ነበር። ኤንትሬ የምንለው ፊያት 682 ራሱ ምስክር ነው።

2. ታርጋውን አንብቡ፣ ግን አትማሉበት

የእንግሊዝ ታርጋ ዕድሜ ይናገራል። ከ1963 ጀምሮ ታርጋው መጨረሻ ላይ አንድ የዓመት ፊደል ተጨመረ። ሁሉም አውራጃ ወዲያው አልተቀበለውም፤ ግዴታ የሆነው በ1965 ነው። ኤ 1963 ነው፣ ቢ 1964፣ ሲ 1965፣ ዲ 1966። ኢ የቆየው ከጥር እስከ ሐምሌ 1967 ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ፊደሉ በየነሐሴ ይቀየር ጀመር። እስከ ዋይ ድረስ ሄዶ በ1983 ፊደሉ ወደ ታርጋው መጀመሪያ ዞረ።

ሁሉንም መሸምደድ አያስፈልግም። አራት ችካል ትከሉ፦ ዲ 1966፣ ኤች 1969፣ ፒ 1975፣ ዋይ 1982። በመካከል ያለውን በጣታችሁ ትቆጥራላችሁ። ስትቆጥሩ አይ፣ ኦ፣ ኪው፣ ዩ እና ዜድን ዝለሉ። ለዓመት አልዋሉም።

አሁን ጥንቃቄው። የዓመት ፊደል የሌለው ታርጋ የመኪናውን እርጅና አያረጋግጥም። የሰሜን አየርላንድ ታርጋ የዓመት ፊደል የለውም፣ ሰዉም ገዝቶ ይለጥፈዋል። በተገላቢጦሹ ከሠራዊት የወጣ መኪና የሲቪል ታርጋ ያገኝ የነበረው ለግለሰብ ሲሸጥ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የተሠራ ኤኢሲ ማታዶር የ1960ዎቹን ፊደል ለጥፎ ብታገኙት አትደነቁ። ታርጋው የሚነግራችሁ የተመዘገበበትን ቀን ነው። የተወለደበትን ሌላ ቦታ ፈልጉ።

3. ጋቢናው ላይ ጊዜ ውሰዱ

የሥራው ግማሽ እዚህ ነው። ብዙ ከማወቅ ጥቂት ጋቢናዎችን ጠንቅቆ ማወቅ ይሻላል።

በቤድፎርድ ቲኬ ጀምሩ። በ1960 የወጣ ነው፣ የትም ይገኛል። ፈረስ አመላላሽ፣ እሳት አደጋ፣ የከሰል መኪና፣ ሁሉንም ሆኗል። መለያው ከበሩ ኋላ ያለው መክፈቻ ነው። ሞተሩ ከወንበሩ ጀርባ ስለተቀመጠ መካኒኩ የሚገባበት በዚያ በኩል ነው። አንዴ ካያችሁት አይረሳም። ከቲኬ በፊት የነበረው ባለ አፍንጫው ቲጄ ደግሞ ከእንግሊዝ ይልቅ በውጭ አገር ነው የገነነው። በሱዳን በኩል የተሰደዱ ወገኖቻችን ገበያተኛና ጭነት አንድ ላይ ጭነው በአሸዋው የሚጓዙትን ቤድፎርዶች ያስታውሷቸው ይሆናል። ጭነቱ የሚያርፍበት ሣጥን እዚያው አገር የተሠራ ነው። ኮፈኑና ፓራፋንጎው ግን ይናገራሉ። በፓኪስታን ከጫፍ እስከ ጫፍ በሥዕል ያጌጡት ዝነኛ መኪናዎችም ብዙዎቹ ከሥር ቤድፎርድ ናቸው።

በዚያው በ1960 የቢኤምሲ፣ ማለትም የኦስቲንና የሞሪስ ጥምር ኩባንያ፣ ኤፍጂ ወጣ። ወጣ ያለ ነገር ነው። በሮቹ ጎን ላይ ሳይሆን በጋቢናው የኋላ ማዕዘን ላይ፣ ዘወር ብለው ተቀምጠዋል። ሾፌሩ በሩን ሲከፍት የሚያልፍ መኪና እንዳይገጨው ታስቦ ነው። ከፊት፣ ወደ እግሩ ዝቅ ብሎ፣ የእግረኛ መንገዱን ጠርዝ የሚያይባት ትንሽ መስኮት አለችው። እንግሊዞች የማዕዘኑን ቅርጽ አይተው የጥንቷን ባለ ብዙ ጎን የሦስት ፔኒ ሳንቲም ስም አወጡለት። ይኸው መኪና ኦስቲን፣ ሞሪስ፣ ቢኤምሲ፣ ሌይላንድ እየተባለ ተሽጧል። አራት አርማ፣ አንድ መኪና። አርማውን አትመኑ ያልኩት ለዚህ ነው።

ፎደን ኤስ 21 በ1958 ሲመጣ ሰው ደንግጧል። ድቡልቡል የፋይበርግላስ ጋቢና ነው፤ የፊት መብራቶቹ እንደ ጆሮ ያበጡ ጉብታዎች ላይ ተሰክተዋል። «ሚኪ ማውስ» አሉት። ሌሎች ደግሞ በቀደመው ዓመት የሩስያ ሳተላይት ሰማይ ላይ ወጥታ ስለነበር «ስፑትኒክ» አሉት። ለእኔ በዚህ ዘመን ከተሠሩት ሁሉ ፊቱ ደስ የሚለው እሱ ነው። ብዙ ሰው አስቀያሚ ይለዋል። ይበል።

አትኪንሰን ተቃራኒው ነው። ሌላው ሁሉ ራዲያተሩን ከቆርቆሮ ጀርባ ሲደብቅ እሱ እስከ 1970ዎቹ ድረስ ግንባሩ ላይ አግጦ አሳይቷል። በክብ ውስጥ ያለች ትልቅ ኤ ፊደል ምልክቱ ናት። ጋቢናው ይበርዳል ብለው ሾፌሮቹ ሲያማርሩ፣ ባለንብረቶቹ ግን አይሰበርም ብለው ይወዱት ነበር።

አሁን አስቸጋሪዎቹ ጋ ደረስን። በ1950ዎቹ መጨረሻ «ላድ» የሚባል ጋቢና ወጣ። ሌይላንድ፣ አልቢዮንና ዶጅ ተጋሩት፤ ስሙም ከሦስቱ የመጀመሪያ ፊደል የተሠራ ነው። በ1964 ደግሞ ወደ ፊት የሚዘነበለው «ኤርጎማቲክ» መጣ፤ ይህንን ሌይላንድ፣ ኤኢሲና አልቢዮን ለበሱት። እነዚህን ሁለት ጋቢናዎች ካያችሁ በፊቱ ብቻ አትፍረዱ። ወደሚቀጥለው ደረጃ እለፉ።

ስለ አርማ ካነሳን አይቀር፣ ሊታመኑ የሚገባቸው ጥቂት የራዲያተር ጌጦች አሉ። በራዲያተሩ ክዳን ላይ የላባ ዘውድ የደፋ የአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች አለቃ ራስ ካለ ጋይ ነው። የምትወጣ ፀሐይ ካለች አልቢዮን። ሰማያዊ ሦስት ማዕዘን ኤኢሲ ነው፤ የለንደኑን ቀይ ሩትማስተር አውቶቡስ የሠራው ያው ፋብሪካ።

4. አጎንብሱ

የጎማውን እምብርት እዩ። በብዙዎቹ ላይ የፋብሪካው ስም በብረቱ ላይ ተቀርጿል። ግንባር ላይ ያለን አርማ መለወጥ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ አክስል መለወጥ ግን ወጪ ነው። ከዚያ የሻንሲ ሰሌዳውን ፈልጉ። ብዙ ጊዜ ጋቢናው ውስጥ ወይም የበሩ አካባቢ ይገኛል። የሞዴሉ ኮድና የሻንሲ ቁጥሩ እዚያ ላይ አለ። ሌላው ሁሉ ቢጋጭ ሰሌዳውንና ሊብሬውን ያዙ።

የዕቃ ሠሪ ስም እንዳያታልላችሁ። ሉካስ መብራትና የኤሌክትሪክ ዕቃ ነው። ስሚዝስ የዳሽቦርድ ሰዓትና ጌጅ ነው። ሲኤቪ የናፍጣ ፓምፕ ነው። እነዚህ በየመኪናው ላይ አሉ። ፊት ላይ «ፐርኪንስ» ወይም «ጋርድነር» የሚል ጽሑፍም የሞተሩ እንጂ የመኪናው ስም አይደለም። ፎቶ ሥር «የፐርኪንስ ትራክ» ተብሎ የተጻፈ ካያችሁ የጻፈው ሰው አላጎነበሰም።

ከጋቢናው ኋላ ያለውን አካል ደግሞ ጨርሶ እርሱት። ስፖንዳ፣ ታንከር፣ ክሬን፣ ሁሉም ይቀያየራል። ማታዶር ሲወለድ መድፍ ጎታች ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ግን የተበላሸ መኪና ማንሻና ግንድ መጎተቻ ሆኖ ብዙ ዓመት ሠርቷል። ቶርኒክሮፍት አንታር ደግሞ ታንክ ተሸካሚ ሆኖ ነው የሚታወቀው፤ መጀመሪያ የታሰበው ግን ለኢራቅ የነዳጅ ቧንቧ ማጓጓዣ ነበር። የመጀመሪያዎቹ አንታሮች ሞተር ዘሩ ሲቆጠር ከሮልስ ሮይስ ሜርሊን፣ ማለትም ከስፒትፋየር የጦር አውሮፕላን ሞተር ይወርዳል። ይህ ለመለየት ብዙም አይጠቅማችሁም። ግን ለማስታወስ ይጠቅማል።

5. ሲነሳ ስሙት

ትርኢቱ ሲያበቃ አትቸኩሉ። ሁሉም ሞተር የሚነሳው ያኔ ነው።

ሁለት መኪናዎችን ጆሮ ብቻውን ይለያቸዋል። አንደኛው በ1954 የወጣው የኮመር ቲኤስ 3 ሞተር ነው። ሦስት ሲሊንደር፣ ስድስት ፒስተን። በእያንዳንዱ ሲሊንደር ውስጥ ሁለት ፒስተኖች ፊት ለፊት ይጋጠማሉ፣ ቴስታ የሚባል ነገር የለውም። ድምፁ ደረቅና ጯሂ ነው፤ «ኖከር» ወይም አንኳኪው ይሉታል። ሁለተኛው ፎደን ከ1948 ጀምሮ የሠራው ባለ ሁለት ምት ሞተር ነው። ባለ ሁለት ምት ሞተር በእያንዳንዱ ዙር ስለሚያቃጥል ዙሩ ከእውነተኛው እጥፍ የፈጠነ መስሎ ይሰማል። መኪናው በዝግታ እየሄደ ሞተሩ የሚከንፍ ከመሰላችሁ ከሁለቱ አንዱ ነው።

ቀስ ብሎ፣ በእኩል ልክ የሚመታ ድምፅ ግን ጋርድነር ሊሆን ይችላል። ማንችስተር አጠገብ ፓትሪክሮፍት የሚሠራ ሞተር ነበር። ጉልበቱ ብዙ አልነበረም፤ በ1958 የመጣው ስድስት ሲሊንደሩ 6ኤልኤክስ 150 የፈረስ ጉልበት ነው። ነዳጅ ግን ይቆጥባል፣ ዕድሜውም ረጅም ነው። ኢአርኤፍ፣ አትኪንሰን፣ ፎደን፣ ጋይና ስካሜል ሁሉም ገዝተውታል። ስለዚህ የጋርድነር ድምፅ ዝርዝሩን ያጠብላችኋል እንጂ መልሱን አይሰጣችሁም።

6. እንዳይጠፋባችሁ

ለማስታወስ ከሁሉ የረዳኝ ካርታ ነው። ለንደን ዩስተን ጣቢያ ባቡር ላይ ወጥታችሁ ወደ ግላስጎው እንደምትሄዱ አስቡ። መጀመሪያ ዋትፎርድ፦ ስካሜል። በበርሚንግሃም በኩል ከዞራችሁ ዎልቨርሃምፕተን፦ ጋይ። ከዚያ ክሩ፤ ከክሩ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ ሳንድባች፦ ፎደንና ኢአርኤፍ። ቀጥሎ ሌይላንድ ከተማ፦ ሌይላንድ። ከእሱ ቀጥሎ ፕሬስተን፦ አትኪንሰን። መጨረሻው ግላስጎው፦ አልቢዮን። ስድስት ፌርማታ፣ ሰባት ፋብሪካ። ከመስመሩ ውጪ የሚቀሩት ጥቂት ናቸው። ኤኢሲ ሳውዝሆል ለንደን፣ ቤድፎርድና ኮመር ሉተንና ደንስተብል፣ ቶርኒክሮፍት ቤዚንግስቶክ፣ ዴኒስ ጊልድፎርድ።

ሳንድባች ለምን ሁለት ኖራት ካላችሁ፣ የቤተሰብ ነገር ነው። የፎደን ቤት በእንፋሎት መኪና ዝነኛ ነበር። ኤድዊን ሪቻርድ ፎደን ግን የወደፊቱ ናፍጣ ነው ብሎ ከቤቱ ወጣና በ1933 በራሱ ስም የመጀመሪያ ፊደላት ኢአርኤፍን አቋቋመ። ዛሬ ሁለቱም ፋብሪካዎች የሉም። የፎደን የነሐስ ሙዚቃ ጓድ ግን አሁንም ይጫወታል።

የሞዴል ስሞች በቤተሰብ ይመጣሉ። ኤኢሲ ለጭነት መኪናዎቹ በኤም ድምፅ የሚጀምር ስም ይሰጣል፦ ሜርኩሪ፣ ማንዴተር፣ ማሞዝ ሜጀር። ሌይላንድ የእንስሳት መንደር ነው። ቢቨር አራት እግር፣ ሂፖ ማለትም ጉማሬ ስድስት እግር፣ ኦክቶፐስ ስምንት እግር። የኦክቶፐሱ ከነክንዱ ይገጥማል። አልቢዮን የስኮትላንድ ስም ይወዳል፦ ቺፍተን፣ ክላይድስዴል፣ ሬይቨር።

ከዚያ በላይ ቅጽል ስም አውጡ። እኛ በዚህ አንታማም። ፊያት 634ን ትሬንታ ኳትሮ፣ አይሱዙን አልቃይዳ፣ ሲኖትራክን ቀይ ሽብር ብለን የሰየምን ሰዎች ለቲኬና ለኤፍጂ ስም አናጣም። እኔ ጋይን «ባለ ላባው»፣ ኤፍጂን «ዘወርዋራ በር» እለዋለሁ። የእናንተ ይበልጥ ይጣበቅባችኋል፣ የራሳችሁን አውጡ።

ፎቶ ስታነሱ ሁልጊዜ በአንድ ቅደም ተከተል አንሱ፦ ከፊት ቀጥታ፣ ከጎን፣ የጎማው እምብርት፣ ሰሌዳው፣ ዳሽቦርዱ። ፊቱን ብቻ ያነሳ ሰው ኤርጎማቲክ ሲገጥመው ይጸጸታል። ማታ ለእያንዳንዱ መኪና አንድ ካርድ ጻፉ። አራት መስመር ይበቃል፦ ከተማው፣ አንድ መለያ፣ ቅጽል ስሙ፣ የታርጋው ዓመት። ከሳምንት በኋላ ፎቶውን ብቻ አይታችሁ ካርዱን ሳትከፍቱ ተናገሩ። ያልመጣላችሁን ለይታችሁ በማግስቱ ድገሙ፣ የመጣላችሁን ተዉት።

በአንድ ቀን ብዙ ለማየት ሌይላንድ ከተማ ያለው የብሪታንያ የንግድ ተሽከርካሪዎች ሙዚየም ጥሩ ነው። በእንቅስቃሴ ለማየት ደግሞ በየግንቦቱ ከለንደን ወደ ብራይተን የሚደረገው የድሮ ከባድ መኪናዎች ጉዞ አለ። መንገድ ዳር ቆማችሁ ማየት በነፃ ነው።

7. ባለቤቱን ጠይቁ

ሁሉን ሞክራችሁ ካልሆነ ባለቤቱ አጠገቡ በምትታጠፍ ወንበር ሻይ ይዞ ተቀምጧል። «ይህ ምንድን ነው?» አትበሉት። ግምታችሁን ይዛችሁ ሂዱ፦ «ጋቢናው ላድ ነው፤ አልቢዮን ነው ወይስ ዶጅ?» እንዲህ ያለ ጥያቄ የሰማ ሰው ኮፈኑን ራሱ ይከፍትላችኋል። ቀጥላችሁ ሞተሩ የመጀመሪያው እንደሆነ ጠይቁ፤ ተቀይሮ ከሆነም ከምን እንደተወሰደ። ሳይፈቅድላችሁ ጋቢናው ላይ አትውጡ፣ ቀለሙንም በጣት አትንኩ። ወሬው ስለሚረዝም ዋናዋን ነገር፣ የሞዴሉን ስምና ዓመቱን፣ እዚያው ቆማችሁ ስልካችሁ ላይ ጻፉ።